ወንድምሽ ዳላስ ቢሄድ ምን ይለወጣል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖሩት። ወንድምሽ አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ ውሳኔ እየጠበቀ ነው። የአጎታችሁ ልጅ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ሥራ አግኝቶለታል። «ቴክሳስ ፖሊሱም አይስም (ስደተኛ የሚይዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) አንድ ነው» ሲባል ሰምተሽ ፈራሽ። ደግሞ «ዳላስ ትልቅ ከተማ ነው፣ እንደ እኛ ካውንቲ ለስደተኛ አይከላከልም ወይ?» ብለሻል። ጠበቃ አይደለሁም። ዳላስ አካባቢ ግን ለዓመታት ፍርድ ቤትና ጠበቆች ቢሮ አማርኛ አስተርጉሜያለሁ፤ አሁን ደግሞ ሜሪላንድ ነኝ። ሁለቱንም ቦታ ስለማውቀው ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከዳላስ ልጀምር። የከተማው ከንቲባ ወይም ፖሊስ አዛዡ ምን እንደሚያስብ ብዙም አይወስንም። የሚወስነው ኦስቲን ያለው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት አንድን ሸሪፍ (የካውንቲውን የፖሊስና የእስር ቤት ሹም) «የኢሚግሬሽን ሥራዬን ሥራልኝ» ብሎ ማስገደድ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 ፕሪንትዝ በሚባለው መዝገብ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት የስቴትና የካውንቲ ሹሞችን ማዘዝ አይችልም ብሎ ወስኗል። ጉዳዩ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ነበር፣ ከሳሹም የሞንታና ሸሪፍ ነበሩ፤ ዛሬ ግን «ከአይስ ጋር አንተባበርም» የሚሉ ካውንቲዎች ሁሉ እሱን ነው የሚጠቅሱት። ስቴቱ ግን ሌላ ነው። ካውንቲና ከተማ የስቴቱ ልጆች ናቸው፤ ስቴቱ ካዘዘ ይታዘዛሉ።

ቴክሳስ ደግሞ አዟል። በ2017 ገዥው ግሬግ አቦት ኤስ ቢ 4 የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። አይስ «ይህን ሰው ያዙልኝ» ብሎ ዲቴይነር ከላከ፣ እስር ቤቱ መያዝ አለበት። እምቢ ያለ ሸሪፍ በወንጀል ይከሰሳል፣ ከሥልጣን ሊነሳም ይችላል። ካውንቲው በገንዘብ ይቀጣል፤ ጥፋቱ ሲደጋገም በእያንዳንዱ ጥፋት ከ25,000 ዶላር በላይ ይደርሳል። ዳላስ፣ ሂውስተን፣ ሳን አንቶኒዮና ኦስቲን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ሕግ አጸናው። በ2025 ደግሞ ሌላ ሕግ ተጨመረ፤ እስር ቤት የሚያስተዳድሩ ሸሪፎች 287(ጂ) የሚባለውን ስምምነት ከአይስ ጋር እንዲፈራረሙ ያስገድዳል። ከጥር 2026 ጀምሮ ይሠራል። በዚህ ስምምነት የሸሪፉ ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው የኢሚግሬሽን ሥራ ይሠራሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ጋ ደረስን። ሜሪላንድም ሆነ ቴክሳስ፣ ሰው ታስሮ አሻራ ከሰጠ አሻራው ወደ ኤፍ ቢ አይ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያልፋል። ካውንቲው ፈለገም አልፈለገም። ስለዚህ «ሞንትጎመሪ ስለሆንኩ አይስ አያውቀኝም» የሚባል ነገር የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰውዬው ሊፈታ ሲል በሩ ላይ ምን ይሆናል የሚለው ላይ።

ዲቴይነር አንድ ወረቀት ነው። የሚፈርመው የአይስ መኮንን ነው፤ ዳኛ አይፈርምበትም። ሰውዬው መፈታት ከነበረበት ሰዓት በኋላ እስከ 48 ሰዓት እንዲቆይ ይጠይቃል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ኃላፊ ማርክ ኤልሪች በ2019 በፈረሙት ትእዛዝ የካውንቲው ሠራተኞች ሰውን ስለ መኖሪያ ወረቀቱ እንዳይጠይቁ፣ የካውንቲውም ሀብት ለኢሚግሬሽን ሥራ እንዳይውል ተደርጓል። ከባድ ወንጀል ሲሆን ግን አይስ እስር ቤቱ ውስጥ ገብቶ እንዲረከብ በዚያው ዓመት ተፈቅዷል። ከእናንተ በ270 መንገድ ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ፍሬድሪክ ካውንቲ ይገባል፤ እዚያ ሸሪፉ ከ2008 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት 287(ጂ) ነበረው። አንድ ስቴት ውስጥ፣ አንድ መንገድ ላይ! ለዚህ ነው «ሜሪላንድ ጥሩ ነው» ብቻ ብሎ መኖር የማይበቃው።

ቴክሳስ እያለሁ ከሁሉ በላይ ልቤን የሰበረኝ የቦንድ (የዋስትና ገንዘብ) ጉዳይ ነበር። አንድ ልጅ ይታሰራል። ሐበሻው ተሯሩጦ ገንዘብ ያዋጣል፤ እኛ በዚህ አንታማም። ቦንዱ ይከፈላል። ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጁ ግን አይወጣም። ዲቴይነር ስላለበት፣ ከካውንቲው እስር ሲለቀቅ አይስ ይረከበዋል። ከዚያ ሩቅ ወዳለ ማቆያ ይወሰዳል። የወንጀል ቀጠሮው ላይ መቅረብ ሳይችል ይቀራል፤ ያልቀረበ ሰው ቦንድ ደግሞ ሊወረስ ይችላል። አንድ እናት ከበሩ አልነቃነቅም ብለው አይቻለሁ፤ ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም። እባካችሁ፣ ቦንድ ከመከፈሉ በፊት «ዲቴይነር አለበት ወይ?» ብላችሁ እስር ቤቱን ጠይቁ፤ ለኢሚግሬሽን ጠበቃም ደውሉ። አንዳንዴ መክፈል ይሻላል፣ አንዳንዴ መቆየት ይሻላል። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ይወስን።

ሁለተኛው ነገር የእስር ቤት ወሬ ነው። ሲመዘግቡት «የት ተወለድክ? እንዴት ገባህ?» ብለው ይጠይቁታል። የእኛ ልጆች ጨዋ ናቸው፤ መኮንን ሲጠይቃቸው ዝም ማለት ነውር ይመስላቸዋል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሜክሲኮ ድንበር ሁሉን ይዘረግፉታል። ስሙን፣ አድራሻውንና የተወለደበትን ቀን ይናገር። ከዚያ ውጭ «ጠበቃዬን ካላናገርኩ አልመልስም» ማለት ይችላል። መዋሸት ግን በፍጹም የለበትም። «ዜጋ ነኝ» ብሎ መዋሸት ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጣጣ ያመጣል። አስተርጓሚም ይጠይቅ። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብሎ በግማሽ ገብቶት የፈረመ ሰው ብዙ አጋጥሞኛል።

የወንጀል ጠበቃው «ጥፋቱን እመን፣ ዛሬውኑ ትወጣለህ» ሊለው ይችላል። ጠበቃው ግን ጥፋቱን ማመኑ ከአገር ሊያስወጣው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ፓዲላ በሚባል መዝገብ ወስኗል። ስለዚህ ሳይፈርም ይጠይቅ። ሰክሮ መንዳትና የቤት ውስጥ ጥል ላይ በተለይ።

ወንድምሽ እንዴት እንደገባ አልነገርሽንም፤ እዚህ እንዳትጽፊውም። ግን ይህን ራሱ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። በጥር 2025 ሌከን ራይሊ የሚባል የፌዴራል ሕግ ወጥቷል። ያለ ፍተሻ ድንበር የተሻገረ ወይም ሲገባ ትክክለኛ ሰነድ ያልነበረው ሰው በስርቆት፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ በመውሰድ ወይም ፖሊስ በመምታት ከታሰረ ወይም ከተከሰሰ፣ ገና ሳይፈረድበት ኢሚግሬሽን እንዲይዘው ያዛል። ይህ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግም ጋርላንድም እኩል ይሠራል።

ቴክሳስ ከሄደ ዋናው አደጋ መንዳት ነው። ሥራው ሁሉ በመኪና ነው። የሥራ ፈቃድ ካለው እዚያ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ ግን የሥራ ፈቃዱ ሲያልቅ መንጃ ፈቃዱም አብሮ ያልቃል። ማደሻውን ቀድሞ ያስገባ። አዲስ ነዋሪ በ90 ቀን ውስጥ የቴክሳሱን ማውጣት አለበት። ለትራፊክ ጥፋት ማን ያስራል እንዳትዪ። ላጎ ቪስታ በምትባል የቴክሳስ ከተማ አንዲት እናት ቀበቶ ባለማሰር ታስራ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 ፖሊሱ ማሰር ይችላል ብሏል። አንድ ጊዜ ከታሰረ ደግሞ አሻራው ሄደ ማለት ነው።

«ተበደልን ብለን ፖሊስ እንጥራ ወይ?» የሚል ጥያቄም ከጥያቄሽ በታች ተጽፎ አይቻለሁ። ጥሩ። ቴክሳስ ውስጥ እንኳ ኤስ ቢ 4 ፖሊሱ ተበዳይንና ምስክርን፣ ለምርመራው ካላስፈለገ በቀር፣ ስለ ወረቀቱ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። የምትደበደብ እህት ወረቀት የለኝም ብላ ዝም ማለት የለባትም። ወንጀል ለተፈጸመባቸውና ከፖሊስ ጋር ለተባበሩ ዩ ቪዛ የሚባል መንገድም አለ።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሌላ ምርጫ ካለው አሁን ባይሄድ እመርጣለሁ። የሜሪላንድ መዝገብ በአራተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ሥር ነው፣ የቴክሳስ በአምስተኛው፤ አምስተኛው ለአሳይለም ጠያቂ ከበድ ይላል። መሄዱ የግድ ከሆነ ከጠበቃው ጋር ሳይነጋገር ዕቃውን አይሸክፍ። መዝገቡ ሃያትስቪል ወይም ባልቲሞር ፍርድ ቤት ከሆነ፣ ቤት ስለቀየረ ብቻ አይዛወርም፤ ዳኛው እስኪፈቅድ ቀጠሮው እዚሁ ነው። አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ10 ቀን፣ ለፍርድ ቤቱ በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ሳይቀርብ በሌለበት ከተፈረደበት ያን ማስነሳት መከራ ነው። «ኤ» የሚባለውን የኢሚግሬሽን መዝገብ ቁጥሩን ደግሞ አንቺ ጋ ጽፎ ይተውልሽ፤ ቢያዝ የት እንዳለ በኢንተርኔት የምትፈልጊው በዚያ ቁጥርና በተወለደበት አገር ነው።