ካርስ ላይ ምን ያህል ልጻፍ? ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ለአሜሪካና ካናዳ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና፣ ለኤምካት፣ የሚያጠኑ ልጆች ስለ ንባብ ክፍሉ፣ ስለ ካርስ፣ ለጠየቁት የተሰጠ መልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንቀጹን ሁሉ እየጨመቅኩ ስጽፍ ሰዓት ያልቅብኛል። ማስታወሻውን ጨርሶ ልተወው?

መልስ፦ አትተወው፣ አሳጥረው። 90 ደቂቃ፣ 9 ምንባብ፣ 53 ጥያቄ ነው። ለአንድ ምንባብ 10 ደቂቃ ይደርስሃል፤ 4ቱን ለማንበብና ለመጻፍ፣ 6ቱን ለጥያቄዎቹ ያዝ። ምንባቡ ከ500 እስከ 600 ቃል ስለሚሆን ለአንቀጽ ከ5 ቃል በላይ የሚጽፍ ሰው ይዘገያል። ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ ምሳሌ አትገልብጥ። ምንባቡ ስክሪኑ ላይ ነው፣ የትም አይሄድብህም። ፈልገህ ቶሎ የማታገኘው ጸሐፊው ከማን ጋር እንደቆመና ሐሳቡ የት ላይ እንደታጠፈ ነው። ብዕርህን ለእሱ ቆጥብ።

ጥያቄ፦ እስኪ በምሳሌ?

መልስ፦ ምንባቡ ስለ አሮጌ ቤቶች ነው እንበል። አንቀጽ 1፦ ቤቶቹ እንዳይፈርሱ የሚከራከሩት ለውበታቸው ነው። አንቀጽ 2፦ ጸሐፊው ግን ነዋሪው ከወጣ ቤቱ ቀፎ ነው ይላል። አንቀጽ 3፦ ሐውልት ላይ ግን ተከራካሪዎቹ ልክ ናቸው። ማስታወሻው ይህን ያህል ይበቃዋል፦

1 ጠባቂ = ውበት
2 ግን ነዋሪ (ጸ+)
3 ሐውልት ላይ ጠባቂ ልክ

«ጸ» ጸሐፊው ነው፤ መደመር ይደግፋል፣ መቀነስ ይቃወማል። ሦስተኛዋን መስመር ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ዋናው ሐሳብ ስለገባው። «ጸሐፊው ጥበቃን በጠቅላላ ይቃወማል» የሚለው ወጥመድ ምርጫ የሚይዘው ያንን ሰው ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?

መልስ፦ አቅጣጫውን በፈለግሽው ቋንቋ፤ «ግን» ከእንግሊዝኛው ያጥራል። ቁልፍ ቃሉን ግን እንደተጻፈ አስቀምጪው። ሁለት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላትን «ነፃነት» ብለሽ ካጠቃለልሻቸው፣ ጥያቄው የሚያርፈው ልዩነታቸው ላይ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በቢጫ ማቅለምስ?

መልስ፦ በአንቀጽ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ሁሉ ከቀለመ ምንም አልቀለመም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ በታተመ ወረቀት እለማመዳለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ንባቡ አይጎዳሽም፣ ዳርና ዳሩ ላይ መጻፍ ግን ይጎዳሻል፤ ስክሪን ዳር የለውም። በፈተናው ቀን የሚሰጠው በፕላስቲክ የተለበጠ ደብተርና ቀጭን ማርከር ነው። ፎቶኮፒ ቤት ጥቂት ነጭ ወረቀት ላሚኔት አስደርጊና በማርከር ተለማመጂ። በእስክሪብቶ የለመደ እጅ በማርከር ሲጽፍ ፊደሉ ይወፍርና «ጸ» እና «ጾ» ይምታታሉ።

ጥያቄ፦ ይህ ዘዴ ለእንግሊዙ የሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና፣ ለዩካትም፣ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። የዩካት ንባብ ክፍል 44 ጥያቄ በ22 ደቂቃ ነው፣ ለአንዱ 30 ሰከንድ። እዚያ ጥያቄውን አስቀድመህ አንብበህ ቃሉን ምንባቡ ውስጥ ማደን ነው።

ጥያቄ፦ ማስታወሻዬ ጥሩ ነው፣ ግን አሁንም እሳሳታለሁ።

መልስ፦ የሳትከውን ጥያቄ ይዘህ ምንባቡን ሸፍን፤ ከማስታወሻህ ብቻ የጸሐፊውን አቋም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ካልቻልክ ችግሩ አጻጻፍህ ነው። ከቻልክ የመረጥከውን መልስ መርምር፦ «ሁልጊዜ» ወይም «ብቻ» የሚል ጨምሯል? ወይስ ከምንባቡ ውጭ የምታውቀውን አስገብተሃል? ካርስ የውጭ እውቀት አይጠይቅም፤ ታሪክ ወይም ፍልስፍና በደንብ ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሁለተኛው ነው።