ልጁ አንድ፣ ቢሮው ብዙ፦ ስለ ቨርጂኒያ የልጆች አገልግሎት ለጠየቃችሁኝ

ሰሜን ቨርጂኒያ ያለን ሐበሻ ወላጆች በልጅ ጉዳይ ስንቸገር መጀመሪያ ዝም እንላለን። ሲብስብን ቢሮ ለቢሮ መዞር እንጀምራለን። እኔም ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ልጄ ከተሻለው በኋላ ባለሁበት ካውንቲ የወላጆች ተወካይ ሆኜ ለጥቂት ዓመታት ከባለሙያዎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጫለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የማውቀውን ግን ሳልሰስት እነግራችኋለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ ማንነት የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ክፍሉን ዘግቶ ከተቀመጠ ሁለት ወር ሆነው። ትምህርት ቤቱ ወደ አእምሮ ጤና ቢሮ ላከኝ። እነሱ ወረፋ አስያዙኝ። ከዚያ ስለ መቅረቱ ከፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣ። ሶሻል ሰርቪስም ደወለ። ሁሉም ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ንገሪን ይሉኛል። እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ አይነጋገሩም?

መልስ፦ አይዞሽ። በራሳቸው ጊዜ ብዙም አይነጋገሩም። እንዲነጋገሩ የሚያስገድድ ሕግ ግን አለ። ቨርጂኒያ ሕጉን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዛሬ የልጆች አገልግሎት ሕግ ይባላል፤ ቢሮዎቹ ሲኤስኤ ይሉታል።

ለምን እንደወጣ ማወቅ ይጠቅምሻል። ከሕጉ በፊት ስቴቱ በአራት መሥሪያ ቤቶች የተያዙትን ልጆች አስቆጠረ። መዝገቡ 14,000 ገደማ ሆነ። ስም ከስም ሲመሳከር ግን ልጆቹ ከ5,000 ያነሱ ነበሩ። ያው ልጅ እዚህም እዚያም ተመዝግቧል፤ እናቱም እንዳንቺ አንዱን ታሪክ ደጋግማ ስታወራ ኖራለች። ሕጉ ስምንት የተለያየ በጀት አንድ ቋት ውስጥ ጨመረ። በየካውንቲውና በየከተማውም ባለሙያዎቹ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ዕቅድ እንዲያወጡ አደረገ። ያ ቡድን «ፋፕት» ይባላል። የቤተሰብ ምዘናና ዕቅድ ቡድን ማለት ነው።

ስለዚህ ነገ ለሚደውልልሽ ለማንኛውም ሰው እንዲህ በይ፦ «ልጄ ወደ ፋፕት እንዲመራልኝ እፈልጋለሁ።» ይህቺን ቃል ያዢ። ቃሉን የሚያውቅ ወላጅ ቶሎ እንደሚስተናገድ በዓይኔ አይቻለሁ። የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ ግን በምንም ምክንያት እንዳታሳልፊ። ዳኛውም ልጁን ወደ ቡድኑ ሊመራው ይችላል።

ጥያቄ፦ ማን ማን ነው የሚቀመጠው?

መልስ፦ ከሶሻል ሰርቪስ፣ ከአእምሮ ጤና ቢሮው፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት አገልግሎት አንድ አንድ ሰው። ከእነሱ ጋር የወላጆች ተወካይ። የግል አገልግሎት ሰጪ ወይም የጤና ቢሮ ሰው የሚገኝበት ጊዜም አለ። ከዚህ ቡድን በላይ ደግሞ ገንዘቡን የሚያጸድቅ የኃላፊዎች ቡድን አለ፤ «ሲፒኤምቲ» ይሉታል። እሱን ብዙ ጊዜ አታገኙትም። ፋፕት ላይ ግን እናንተም ልጃችሁም መገኘትና መናገር ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ማመልከት እችላለሁ ወይስ ትምህርት ቤቱ ነው የሚልከኝ?

መልስ፦ ራስዎ ይችላሉ። እያንዳንዱ ካውንቲ ወላጅ በቀጥታ የሚያመለክትበት መንገድ እንዲያዘጋጅ በሕግ ተጽፏል። ፊት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ይህን ላያውቅ ይችላል። አይከራከሩት፤ «የሲኤስኤ አስተባባሪውን አገናኘኝ» ይበሉት።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ማመልከት መቻል ማለት ገንዘቡ ይገኛል ማለት አይደለም። ሕጉ የግድ የሚሸፍንላቸው ልጆች አሉ፦ ፎስተር ኬር (ከወላጅ ተለይተው በመንግሥት አደራ) ያሉ ወይም ወደዚያ እንዳይገቡ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው፣ በአይኢፒያቸው (ለልጁ በተዘጋጀው የልዩ ትምህርት ዕቅድ) መሠረት የግል ልዩ ትምህርት ቤት የተመደቡ፣ ባህሪያቸው ወይም ሁኔታቸው ለራሳቸው ወይም ለሌላው አደገኛ የሆነ። ከዚህ ውጭ ላለ ልጅ እንደ ካውንቲው በጀትና ፈቃድ ነው። ለዚህ ነው አርሊንግተን የተፈቀደ ነገር ገጠር ካውንቲ ላይ የሚከለከለው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት ነው የማየው። የልጅ ችግር ሰፈር አይመርጥም።

ጥያቄ፦ ስንት ያስከፍላል? እኔ ኡበር ነው የምነዳው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የመንግሥት የጤና መድን) የሚከፍለው ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይከፍላል። የተቀረውን ከቋቱ ስቴቱና ካውንቲው ይጋራሉ። የካውንቲው ድርሻ በአማካይ ሲሶ ገደማ ነው። ወላጅም እንደ ገቢው መዋጮ ሊጠየቅ ይችላል። ገቢህን በትክክል አሳይ፤ የነዳጅና የመኪና ወጪህንም አስረዳ። በአይኢፒ ለሚሰጥ ልዩ ትምህርት ግን አምስት ሳንቲም አትከፍልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ከ2008 ወዲህ ልጁ ቤቱ እያለ ለሚያገኘው አገልግሎት የካውንቲው ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። ከቤት ርቆ ተቋም ሲገባ በ25 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ «ልጄ እቤቱ ሆኖ ይረዳ» ስትል ለካውንቲውም የሚረክሰውን እየጠየቅክ ነው። አትሸማቀቅ።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገሪኝ። ገመናዬን ከዘረገፍኩ ልጄን ይወስዱብኛል?

መልስ፦ ይህን ያልጠየቀኝ ሐበሻ የለም። ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

ፋፕት ልጅ የመውሰድ ሥልጣን የለውም። ያ የልጆች ጥበቃ ክፍል ጉዳይ ነው። እሱም ቢሆን በአስቸኳይ የወሰደውን ልጅ ጉዳይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳኛ ፊት ማቅረብ አለበት። ልጅሽ መድኃኒት አልወስድም ማለቱ፣ አንቺ ሁለት ሥራ መሥራትሽ፣ ቤታችሁ ጠባብ መሆኑ ልጅ አያስወስድም።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ባለሙያዎች ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ ሪፖርት ማድረግ ግዴታቸው ነው። እኛ አገር ቤት «ቅጣት» ያልነው በቀበቶ መግረፍ እዚህ ጉዳት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ መጀመሪያ ጠበቃ አነጋግሪ። ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ።

«ልጄን ለመንግሥት አስረክቢ አሉኝ» የሚል ታሪክ ከቀድሞ ሰዎች ሰምተሽ ይሆናል። ያ ውሸት አልነበረም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ልጃቸውን ለማሳከም አቅም ያጡ ወላጆች የማሳደግ መብታቸውን ለሶሻል ሰርቪስ አሳልፈው ይሰጡ ነበር። ገንዘቡ የሚለቀቀው እንደዚያ ሲሆን ነበርና። ወላጁ አልበደለ፣ ልጁ አላጠፋ፤ ሆኖም ፍርድ ቤት ቆመው ልጃቸውን ይሰጣሉ። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል። በ2006 መጨረሻ የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እነዚህ ልጆች ወላጅ መብቱን ሳይሰጥ አገልግሎቱ ይገባቸዋል የሚል የሕግ አስተያየት ሰጠ። ከ2007 ጀምሮ «ፔረንታል አግሪመንት» የሚባል ስምምነት አለ። ልጁ ታክሞ ይመለሳል፣ መብቱ እጅሽ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ማንም «አስረክቢ» ቢልሽ፣ ምንም ሳትፈርሚ ስለዚህ ስምምነት ጠይቂ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ትልቋ ልጄ ብታስተረጉምልኝስ?

መልስ፦ እባክሽ አታድርጊው። አንድ ጊዜ የነበርኩበት ስብሰባ ላይ አስተርጓሚዋ የልጁ እህት ነበረች። 12 ዓመቷ ነው። ወንድሟ ራሱን ሊጎዳ መሞከሩን ለእናቷ የነገረችው እሷ ሆነች። ቃሉን በአማርኛ አጥታው «ታሟል» አለች። እናቲቱም ራሷን ነቀነቀች። እኔ አማርኛ ስለምሰማ ስብሰባው ይቁም አልኩ። ባልኖርስ?

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ በኢሜይል ቢሆን ደግሞ ማስረጃ ይሆንሻል። «አስተርጓሚው የሰፈሬ ሰው ሆኖ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ቢደርስስ?» ለምትሉም መላ አለው። በስልክ ይሁንልኝ በሉ። በስልክ የሚመጣው አስተርጓሚ ሌላ ስቴት ሊቀመጥ ይችላል፤ አያውቃችሁም።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦቲዝም አለበት። አይኢፒው የግል ትምህርት ቤት እንዲገባ ወስኗል። አሁን ፋፕት ሊከለክለኝ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። ልጁ የት እንደሚማር የሚወስነው አንተ ያለህበት የአይኢፒ ቡድን ነው። ፋፕት አይኢፒን አይለውጥም፤ ገንዘቡ ግን ከዚያው ቋት ይወጣል።

እዚህ ላይ የሚቆጨኝን ልናገር። በ2020 የስቴቱ ምክር ቤት አጥኚ ክፍል ፕሮግራሙን ፈትሾ ነበር። ወጪውን ያናረው የግል ልዩ ትምህርት ቤት ክፍያ ሆኖ ተገኘ። ያው ገንዘብ መደበኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚሰጥ ልዩ ትምህርት እንዳይውል ግን ደንቡ ያግድ ነበር። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር እዚያው ክፍሉ ሆኖ ረዳት መምህር ቢያገኝ የሚበቃው ሲሆን፣ ቋቱ የሚከፈተው ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ ነው። ቢሮዎችን ያቀናጀ ሕግ ልጁን ከእኩዮቹ እንዲለይ መግፋት አልነበረበትም። የምንመርጠውን ተወካይ ይህን ብንጠይቀው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የመኖሪያ ወረቀታችን ገና ነው። ትምህርት ቤቱ ይህን ይጠይቃል?

መልስ፦ ልጅ ለመማር የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 የወሰነው ነው። ለሌሎቹ አገልግሎቶች ግን መልሱ እንደ ሁኔታችሁ ይለያያልና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ ያለውን አትከተሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ።

መልስ፦ እናንተ ጋ «ሎካል ኬር ቲም» ይባላል። በ23ቱ ካውንቲና በባልቲሞር ከተማ ሁሉ አለ። አሠራሩ ይለያል፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ካውንቲሽን በዚህ ስም ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ልጄ 18 ሊሞላው ነው። ሁሉ ነገር ይቋረጣል?

መልስ፦ ሁሉም አይቋረጥም። ልዩ ትምህርት ገና ካልተመረቀ እስከ 21 ዓመቱ ይቀጥላል። ፎስተር ኬር ውስጥ ያለ ወጣትም እስከ 21 ድጋፍ የሚያገኝበት ፕሮግራም አለ። ግን 18 ሲሞላው የትምህርትና የሕክምና መረጃውን የማዘዝ መብት የእሱ ይሆናል። ከዚያ በፊት ልጅዎን ቁጭ ብለው ያነጋግሩት፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ከሰጠ እንደ ድሮው መከታተል ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ፋፕት ባወጣው ዕቅድ ባልስማማስ?

መልስ፦ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር ያለ ወላጅ ስምምነት ዕቅዱ አይሠራም። እዚያው ፈርሙ ቢሏችሁ «ቤት ወስጄ ላንብበው» በሉ። ይግባኝ የሚባልበት መንገድም አለ፤ አሠራሩን በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። መረጃ ለመጋራት የምትፈርሙትንም ወረቀት የትኞቹ ቢሮዎች እንደተዘረዘሩበት አይታችሁ ፈርሙ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ስብሰባው ሐሙስ ነው። ሆዴ እየተላወሰ ነው። ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ አንድ ደብተር ያዢ። መቼ፣ ማን፣ ምን እንዳለሽ በቀን ጻፊ። የመድኃኒቱን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ፣ አይኢፒ ካለ እሱን አስገቢበት። ቄስም ይሁን ጎረቤት፣ አብሮሽ የሚቀመጥ የምታምኚው ሰው ካለ ይዘሽ ግቢ።

ሌላው ደግሞ፣ ቡድኑ ልጁን የሚመዝንበት ቅጽ አለው፤ «ካንስ» ይሉታል። ቅጹ ችግሩን ብቻ አይጠይቅም፤ ጥንካሬውንም ይጠይቃል። ያ ክፍል ላይ ብዙ ወላጅ ዝም ይላል፤ ባለሙያውም አለፍ ያደርገዋል። አንቺ ዛሬ ማታ ልጅሽ የሚችለውን ሦስት ነገር ጻፊ። ለአያቱ በየእሑዱ እየደወለ የሚያወራ ከሆነ ጻፊው። ብስክሌት ፈታቶ የሚገጥም ከሆነም ጻፊው። ሐሙስ ዕለት መጀመሪያ እሱን አንብቢላቸው።