መልስ፦ ጣርማ በርን በክረምት በብስክሌት ስለ መሻገር

በሐምሌ ወር ከደብረ ብርሃን ተነሥተው በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና በብስክሌት ለመውረድ ምን መልበስ እንደሚገባዎት ጠይቀዋል። የሚያሳስበው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው፤ ሲወጡ ሰውነትዎ ራሱን ያሞቃል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ደርሰው መውረድ ሲጀምሩ ግን እግርዎ ሥራ ይፈታል፣ በላብና በዝናብ የራሰውን ልብስ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፣ ጣቶችዎም ደንዝዘው ፍሬን መጨበጥ ያቅታቸዋል። ስለዚህ ደረቅ የውስጥ ልብስና ወፍራም ጓንት በፌስታል ጠቅልለው ይያዙ፤ መቀየር ያለብዎትም ብርዱ ከተሰማዎት በኋላ ሳይሆን ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የጣሊያን ዙር ውድድር ተወዳዳሪዎች 2,621 ሜትር ከፍታ ያለውን የጋቪያ ተራራ መተላለፊያ በበረዶ ውሽንፍር ሲሻገሩ፣ አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን የመሪነቱን ሮዝ ማሊያ የወሰደው ቡድኑ አስቀድሞ ሙቅ ልብስና ጓንት ስላዘጋጀለት ጭምር ነበር።

ፍሬንዎ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ በዝናብ መጀመሪያ የሚያደርገው ውኃውን መጥረግ ብቻ ስለሆነ፣ ከመታጠፊያው ብዙ ርቀት አስቀድመው ቀለል አድርገው ይያዙ። መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ በድንገት መያዝ ያንሸራትታል። የጎማውን ነፋስ በጥቂቱ መቀነስም ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያስፈራኝ ጉሙ ነው። መንገዱ ወደ ደሴ የሚያልፉ ከባድ መኪኖች የሚመላለሱበት በመሆኑ፣ ጣርማ በር ላይ ባለው የመኪና ዋሻ ውስጥም ሆነ ከዋሻው ውጭ የፊትና የኋላ መብራትዎን ያብሩ፤ ጉሙ አስፋልቱን ከሸፈነው ደግሞ ከብስክሌቱ ወርደው ከመንገዱ ዳር ይጠብቁ።