ዝርያ «ይገኛል» ወይስ «ይሰየማል»?

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ሳስተምር አንድ ተማሪ «ዜናው አዲስ ዝርያ ተገኘ ይላል፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ግን መንጋጋ ነው። መንጋጋ ዝርያ ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። «ዝርያ ተገኘ» ማለት ትክክል ነው? ደግሞስ ብዙ ቁጥሩ «ቅሪተ አካላት» ነው ወይስ «ቅሪተ አካሎች»?

መልስ፦ ተማሪዎ ያነሣው ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብመልስ ይፍቀዱልኝ። ቅሪተ አካል ይገኛል፤ ዝርያ ይሰየማል። አጥንቱን መሬት ደብቆ ያቆየዋል፣ ጎርፍ አጥቦ ያወጣዋል፣ ሰው አይቶ ያነሣዋል። ለዚህ «ተገኘ» የሚለው ግስ ልክ ነው። ዝርያ ግን መሬት ውስጥ የለም። ባለሙያዎች አጥንቱን ከሌሎች አጥንቶች ጋር አስተያይተው፣ ጥርሱን ለክተው፣ «ይህ ከዚያ ይለያል» ሲሉ የሚሰጡት ፍርድ ነው። ፍርድ ደግሞ ይጻፋል፣ ይሟገቱበታል፣ አንዳንዴም ይሻራል።

ድንቅነሽን እንይ። በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1974) ነው። «አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ» የሚለው ስም የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት አጥንቷ ነበረ፣ የዝርያዋ ስም አልነበረም። ይልቁንም ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለዝርያው መለያ ናሙና (ስሙ የሚታሰርበት አጥንት) ሆኖ የተመረጠው የእሷ አፅም አለመሆኑን ነው። የተመረጠው ታንዛኒያ ውስጥ ላኤቶሊ ከተባለ ስፍራ የተገኘ የታችኛው መንጋጋ ነው። ስሙ የአፋር ነው፤ ስሙ የታሰረበት መንጋጋ ግን ከሐዳር ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንግዲህ «በ1967 በአፋር አዲስ ዝርያ ተገኘ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁለት ድርጊት፣ ሁለት ዘመንና ሁለት አገር በአንድ ግስ ይጨፈልቃል።

ከድንቅነሽ የሚቀድመው የአርዲፒቴከስም ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩት፣ በአፋር አራሚስ ከተባለ ስፍራ የተገኙት አጥንቶች እ.ኤ.አ. በ1994 «አውስትራሎፒቴከስ ራሚደስ» ተባሉ፤ በ1995 ሰያሚዎቹ ራሳቸው ወገኑን (ከዝርያ በላይ ያለውን ምድብ) ለውጠው «አርዲፒቴከስ ራሚደስ» አሉት። «አርዲ» በአፋርኛ መሬት፣ «ራሚድ» ሥር ነው። ሌላው የአርዲፒቴከስ ስም «ካዳባ»ም በ2001 የራሚደስ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ተሰይሞ፣ ተጨማሪ ጥርሶች ከተገኙ በኋላ በ2004 ራሱን የቻለ ዝርያ ተደርጓል። ልብ ይበሉ፤ ጥርሶቹ ተገኙ፣ ዝርያው ተደረገ። ያለ ሁለት ግስ ይህን ታሪክ በአማርኛ መተረክ አይቻልም።

«ሰየመ» የሚለውን ግስ የምወደው ያለ ምክንያት አይደለም። በግዕዝ ሁለት የተለያዩ ግሶች አሉ። በእሳቱ ሰ የሚጻፈው «ሰመየ» ስም አወጣ፣ ጠራ ማለት ሲሆን በንጉሡ ሠ የሚጻፈው «ሤመ» ሾመ ማለት ነው፤ «ሢመት» ከእርሱ ነው። የአማርኛው «ሰየመ» ከየትኛው ወጣ? ከ«ሰመየ» ነው የሚል «መ»ንና «የ»ን አቀያይሮ ይደርስበታል፤ ከ«ሤመ» ነው የሚል የሥሩን «የ» መልሶ ያገኘዋል። እኔ ሁለቱም ወንዞች እዚህ ተገናኝተዋል ባይ ነኝ። «ልጁን ሰየመው» ስንል ስም ማውጣቱ፣ «ኮሚቴ ተሰየመ»፣ «ችሎት ተሰየመ» ስንል ሹመቱ ይሰማል። የዝርያ ስያሜ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ስም ይወጣል፣ ያን ስም የሚሸከም አንድ ናሙናም ይሾማል። የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ ለሚወጣ የዝርያ ስም መለያ ናሙናው በግልጽ እንዲጠቆም ያስገድዳል። ያለ ሹመት ስም አይጸናም ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ግስ በየትኛው ቋንቋ ይገኛል?

«ይህ ጣጣ ማብዛት ነው» የሚሉ አሉ። «‹መፍትሔ ተገኘ›፣ ‹መልስ ተገኘ› እንል የለም? ‹ተገኘ› ለሚጨበጥ ነገር ብቻ አይደለም፤ ‹ዝርያ ተገኘ› ማለት ያልታወቀ ዝርያ መኖሩ ታወቀ ማለት ነው» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን መፍትሔ ተገኘ ሲባል መፍትሔውን አሸዋ ውስጥ የሚፈልገው ሰው የለም። ዝርያና አጥንት ግን በአንድ ዜና፣ ከአንድ ፎቶ ጋር ስለሚቀርቡ አንዱ ለሌላው ይወሰዳል፤ ማስረጃዬም የእርስዎ ተማሪ ነው። የዜና ርእስ ላይ «ተገኘ» አሸንፏል፤ ይህን ሳልወድ እቀበላለሁ። በመማሪያ ክፍል ግን አልቀበልም።

«ዝርያ» ራሱም ሌላ እንከን አለበት። እኔ ከ«ዘራ»፣ ከግዕዙ «ዘርእ» ጋር አያይዤ አየዋለሁ። ልጅ፣ ተወላጅ ከሚለው ከዐረብኛው «ዙርሪያ» የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ከ«ቀማ» «ቅሚያ» ካልን ከ«ዘራ» የሚጠበቀው «ዝሪያ» ነበርና የእነሱ መንገድ የቀና ይመስላል፤ እኔ ግን ቃሉን ከዘር መነጠል አልፈልግም። በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ «ዝርያ» ወደ ታች የሚያይ ቃል ነው። «የእገሌ ዝርያ» ማለት እገሌን አያት አድርጎ ከእርሱ የወረደ ትውልድ ነው። አሁን «የካዳባ ዝርያ» የሚለውን ያንብቡ። «ካዳባ» በአፋርኛ የቤተሰብ ሥር የሆነ የመጀመሪያ አያት ነው። የአማርኛ ጆሮ ግን «የካዳባ ዝርያ» ሲሰማ የሚያስበው የካዳባን የልጅ ልጆች ነው! አያቱ ቀርቶ ተወላጆቹ መጡ። «የድንቅነሽ ዝርያ»ም እንዲሁ ነው፤ ልጆቿ ይሁኑ ወይም እሷ ራሷ የምትመደብበት ዝርያ አይለይም። ስለዚህ ዘርፍ አያያዙን («የ…» የሚለውን) ይተዉትና «ካዳባ የተባለው ዝርያ»፣ «ድንቅነሽ የምትመደብበት ዝርያ» ይበሉ። በአንድ ቃል የሚረዝም ቢሆንም ትርጉሙን ያድናል። ለስንዴ ዓይነት፣ ለከብት ዘርና ለቫይረስም «ዝርያ» ስለምንል ቃሉ ሸክም በዝቶበታል፤ ሆኖም ሌላ ቃል ፍለጋ የሚወጣበት ጊዜ አልፏል።

ወደ ብዙ ቁጥሩ ስንመጣ፣ «ቅሪተ አካል» በግዕዝ ሥርዓት የተናበበ ነው። «ቤተ ክርስቲያን» ሲበዛ «አብያተ ክርስቲያናት» እንደሚል ሁሉ መጀመሪያ መብዛት የሚገባው ቅሪቱ ነበር። «ቅሪታተ አካል» ብዬ የጻፍኩበት ጊዜ ነበር፤ የተከተለኝ ሰው አላየሁም። «ቅሪተ አካላት» ሥር ሰዷል፣ ይጻፉት። «ቅሪተ አካሎች» ስሕተት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ጆሮዬ ግን አይቀበለውም። በነገራችን ላይ «ቅሪት» እና «ቅሬታ» የ«ቀረ» ልጆች ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ «ቅሬታ» የተረፈው ሕዝብ ነው፤ ዛሬ በልብ የቀረ ቅያሜ ሆኗል። ቅሪተ አካልን «ቅሬተ አካል» ብለው የሚጽፉትን አርሙ የምለውም ለዚህ ነው።

«ለምን ‹ፎሲል› ብለን አንገላገልም?» ለሚሉ ደግሞ፣ የላቲኑ ቃል ተቆፍሮ የወጣ ማለት ብቻ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማዕድንም ፎሲል ይባል ነበር። የእኛው ቃል ምን እንደቀረ ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ ግን «ፎሲል» ይረታኛል። ላኤቶሊ ላይ በእሳተ ገሞራ አመድ የታተመ፣ 3.6 ሚሊዮን ዓመት ያለፈው የእግር ዳና አለ። ፎሲል ነው፤ ነገር ግን ከአካሉ የቀረ ነገር የለም። «ቅሪተ አካል» ይህን አይሸፍንም። በግዕዝ የእግር ዱካ «አሰር» ስለሆነ «ቅሪተ አሰር» ማለት ይቻል ነበር፤ አንባቢ ግን ከማሰር ጋር ያምታታዋል። እኔ «ቅሪተ ዳና» እላለሁ። ግዕዝና አማርኛ አደባለቅህ የሚለኝ ካለ፣ «አውስትራሊስ» ላቲን፣ «ፒቴኮስ» ግሪክ ነው፤ አውስትራሎፒቴከስ ሁለቱን አደባልቆ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ እየተጠራበት ነው።