ቀለሙን ብታወጡት ምን ይጎድላል?

ካሜራም ሆነ ስልክ ይዛችሁ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎ ዳገት የምትወጡ የድሬና የሐረር ልጆች አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ይሄ ፎቶ በከለር ይሻላል ወይስ በጥቁርና ነጭ? ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው። ቤት ገብታችሁ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣችሁ፣ ከለሩ አልጥም ሲላችሁ። እኔ ግን ጥያቄው ቀደም ብሎ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ገና ቆማችሁ እያያችሁ፣ ጣታችሁ ሳይጫን።

መጀመሪያ ስለ ቀትር ልንገራችሁ። ድሬ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ተራራው ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ሰማዩ በአቧራ ይነጣል፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዓይን ይወጋል። ያን ሰዓት ያነሳችሁትን ፎቶ ጥቁርና ነጭ ታደርጉትና ኮንትራስቱን፣ ማለትም የጥቁረቱንና የንጣቱን ልዩነት፣ ትጨምሩበታላችሁ፣ ጥቁሩ ይበልጥ ይጠቁራል፣ «አቦ አሪፍ ሆነ» ትላላችሁ። አልሆነም። ጥቁርና ነጭ የተበላሸ ፎቶ መጠገኛ ጋራዥ አይደለም። እንዲያውም ከከለር የበለጠ ጥሩ ብርሃን የሚፈልገው እሱ ነው፤ ቀለሙ ሲወጣ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ብርሃንና ጥላ፣ ቅርጽ፣ የድንጋዩና የአፈሩ ገጽ ብቻ ነዋ። እነሱ ከመጀመሪያውም ካልነበሩ ከየት ይመጣሉ?

ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ቀለሙን ባወጣው ምን ይጎድላል? ምንም የማይጎድል ከሆነ ቀለሙ ሥራ ፈት ነው፣ ይውጣ። ፎቶው ነፍሱን የሚያጣ ከሆነ ግን አትንኩት።

ድሬ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ያለውን የድሬዳዋ ዛፍ ውሰዱ። ሰው በከተማችን ስም የሚጠራው ያ ዛፍ ሲያብብ ከሩቅ ነው ዓይን የሚስበው። በጥቁርና ነጭ ስታዩት ግን አበባው የት እንደገባ አታውቁም። ቀዩ አበባና አረንጓዴው ቅጠል ለዓይን ሰማይና ምድር ቢሆኑም፣ የብርሃን መጠናቸው ሲቀራረብ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ቀለምን ወደ ግራጫ ለመቀየር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ስሌት ለአረንጓዴ 59፣ ለቀይ 30፣ ለሰማያዊ 11 በመቶ ይሰጣል። እና ደማቅ ቀይ ዓይናችሁን በሳበው ልክ ግራጫው ላይ አይደምቅም። ኤዲት ስታደርጉ ቀዩን ከፍ አድርጋችሁ አበባውን ማንጣት ትችላላችሁ፣ ያኔ ከቅጠሉ ይለያል። ግን ነጭ አበባ ያለው ሌላ ዛፍ ሆነ ማለት ነው። እኔ ይህን ዛፍ በከለር እንጂ በሌላ አላነሳውም።

ደንገጎ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጠመዝማዛውን ወጥታችሁ ወደ ድሬ ዞር ስትሉ፣ ተራራ ከተራራ ጀርባ ተደርድሮ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ብትደርሱ ቅርቡ ተራራ ጥቁር ነው፣ ቀጣዩ ቀለል ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ የበለጠ ይሳሳል፣ የመጨረሻው ከሰማዩ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ። ቀለሙ ያው ሰማያዊ ግራጫ ነው፣ ከታች እስከ ላይ። ርቀቱን የሚነግራችሁ የጥቁረቱና የንጣቱ ልዩነት ነው፤ እሱ ደግሞ ቀለም ቢወጣም እንዳለ ይቀራል። እዚህ ጥቁርና ነጭ ብትመርጡ ማንም አያሳጣችሁም።

ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የጥቁርና ነጭ ገጠር ፎቶ ሲባል ብዙዎቻችሁ ቀይ ፊልተር ነው የሚታያችሁ። በፊልም ዘመን ሌንስ ላይ የምንገጥመው ቀይ መስታወት ነበር፣ ዛሬ ስልካችሁ ውስጥም አለ። ቀይ ፊልተር ሰማያዊ ብርሃንን ያስቀራል። አየሩ ከሌላው ብርሃን ይልቅ ሰማያዊውን ስለሚበትን፣ ከሩቅ ተራራ ፊት የምታዩት ጭጋግ በአብዛኛው ሰማያዊ ነው። ቀዩ ፊልተር ያን ጭጋግ ይቀንስና የሩቁን ተራራ ጎትቶ ያቀርበዋል። ደንገጎ ላይ ይሄ ኪሳራ ነው፣ ለማንሳት የወጣችሁለት ርቀት ራሱ ይጠፋል። እዚያ ተቃራኒውን አድርጉ፣ ኤዲት ላይ ሰማያዊውን ከፍ አድርጉት። ሩቁ ይበልጥ ይነጣል፣ ጥልቀቱ ይጨምራል።

ቀዩ ፊልተር ቦታው ዳካታ ነው። ከባቢሌ አልፋችሁ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ፣ አንዱ አለት በሌላው አናት ላይ ተቀምጦ፣ አሁን ወደቀ ስትሉት የማይወድቅበት። አለቱ ቀላ ያለ ቡኒ ነው፣ ሰማዩ ሰማያዊ። ቀይ ፊልተር አለቱን ያነጣዋል፣ ሰማዩን ያጠቁረዋል፣ አለቱ ከሰማዩ ተነጥሎ ይወጣል። ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ ስንጥቁ፣ የተላላጠው ገጽ፣ በሁለቱ አለቶች መካከል ያለችው ቀጭን ጥላ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን በከለር ያነሳ ሰው ተሳሳተ አልልም፣ የምሽቷ ፀሐይ አለቱ ላይ ስታርፍ እንዴት እንደምታምር አውቃለሁ። ግን ዳካታ ሄዳችሁ የምታነሱት ሚዛኑን ነው፣ ሚዛን ደግሞ ቀለም አያስፈልገውም።

በየተራራው ጎን የተሠራው የእርሻ እርከን ላይ ብዙ አልቆይም። ክረምት ላይ አካባቢው ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን የእርከኑን መስመር በጥቁርና ነጭ ያዙት። ኅዳር ላይ ማሽላው ደርሶ ከጫቱ አጠገብ ሲቆም ግን ከለር።

በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ላይ ግን እከራከራችኋለሁ። ሐረርን ያነሳ ወጣት ወዲያው ጥቁርና ነጭ ያደርጋታል፣ «ጥንታዊ ትምሰል» ብሎ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. እዚህ ፎቶ ሲያነሳ ምርጫ አልነበረውም፤ በገበያ የተሳካለት የመጀመሪያው የቀለም ፎቶ የወጣው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። እናንተ ግን ምርጫ አላችሁ። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ግን ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። ያ አረንጓዴ፣ ያ ሰማያዊ፣ ያ ሮዝ ግድግዳ ባለቤቱ መርጦ የቀባው ነው። ቀለሙን ስታወጡ የሰዎቹን ምርጫ ነው የምታጠፉት፣ ዛሬ የሚኖሩትን ሰዎች ወደ ድሮ ትመልሷቸዋላችሁ። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ከሀኪም ጋራ ቁልቁል ስታነሷትም፣ ከተማዋን ከዙሪያዋ አረንጓዴ የሚለያት ቀለሟ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ካሜራችሁ ራው፣ ማለትም ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ ፋይል፣ የሚያነሳ ከሆነ ራው ላይ አድርጉትና የስክሪኑን ቀለም ጥቁርና ነጭ ምረጡ። እያያችሁ ያላችሁት ግራጫውን ነው፣ ፋይሉ ውስጥ ግን ቀለሙ በሙሉ አለ። ዓይን ለማሠልጠን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶና አሳንሶ በሚያስቀምጠው ጄፔግ ብቻ አድርጋችሁ ጥቁርና ነጭ ካነሳችሁ ግን ቀለሙ ሄደ፣ አይመለስም፤ ቀዩንና ሰማያዊውን ለየብቻ ማንጣትና ማጥቆርም አትችሉም። በስልክ ከሆነ በከለር አንሱ፣ ጥቁርና ነጩን በኮፒው ላይ ሥሩ፣ ዋናውን አትንኩ። ካሜራም ስልክም ባትይዙ ደግሞ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ቦታውን እዩት። ዝርዝሩ ደብዝዞ ዋናው ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል። ያ የቀረው ነገር ራሱን ችሎ ከቆመ ለጥቁርና ነጭ ይሆናል።

አሁንም መወሰን ካቃታችሁ ሁለቱንም አሳትሙ። ስክሪን የራሱ ብርሃን ስላለው ያባብላል፣ ግራጫ ከግራጫ መለየቱ የሚታወቀው ወረቀት ላይ ነው። ፖስትካርድ መጠን ይበቃል። ይዛችሁ ኑና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርገን አብረን እናያቸዋለን።