ከዳር ሆኖ ዓሣ ነባሪ ማየት፦ ስለ ኸርማነስ ጉዞ ለጠየቃችሁኝ

ከኬፕ ታውን ተነስቶ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ኸርማነስ ስለሚወስደው የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። አብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ነው። ዘመድ ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የሚመጡም አሉበት። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤልቪል የምንሠራ ጓደኛሞች ነን። ሚኒባስ ተከራይተን አብረን ልንሄድ አስበናል። ዓሣ ነባሪ ሳናይ እንዳንመለስ በየትኛው ወር እንሂድ?

መልስ፦ በመስከረም ሂዱ። ደቡባዊ ራይት የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ወደ አንታርክቲካ ካለው ቀዝቃዛ ባሕር ተነስተው በሰኔ ገደማ እዚህ መድረስ ይጀምራሉ። እስከ ኅዳር ይቆያሉ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን ብዛታቸውም ቅርበታቸውም ይለያል። እናቶቹ ወልደዋል፣ ግልገሎቹም ጠንክረው መጫወት ጀምረዋል። ለእኛ ደግሞ ወቅቱ ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ጋር ይገጥማል። ሴፕቴምበር 24 የደቡብ አፍሪካ የቅርስ ቀን ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኸርማነስ በሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ የዓሣ ነባሪ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። ድምቀቱ ደስ ይላል፤ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ግን ጭንቅ ነው። ጸጥታ ከፈለጋችሁ እነዚያን ቀናት ዝለሏቸው። ከመነሳታችሁ በፊት የአየር ትንበያ ተመልከቱ። ነፋሱ በርትቶ ባሕሩ በነጭ አረፋ ከተሸፈነ፣ የእነሱን ትንፋሽ ከማዕበሉ መለየት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ የጀልባው ዋጋ ለእኔ ከበድ ይላል። ከመሬት ሆኜ ባይ በኋላ ይቆጨኛል?

መልስ፦ በፍጹም አይቆጭህም። እኔ ራሴ የምመርጠው ከመሬት ማየትን ነው። እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው ጸጥ ወዳለው ውሃ፣ ወደ ዳሩ ይጠጋሉ። ከገደሉ ሥር ያለው ውሃ ጥልቅ ስለሆነ አንዳንዴ ትንፋሻቸው እስኪሰማ ድረስ ይቀርባሉ። የኸርማነስ የገደል ዳር የእግር መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁሉንም መሄድ የለብህም። ከድሮው ወደብ ጀምረህ ጊሪንግስ ፖይንት የሚባለው ቦታ ላይ ተቀመጥ።

ምን እንደምትፈልግ ካላወቅህ ግን አጠገብህ ሆነው ያመልጡሃል። በመጀመሪያ የሚታይህ የሚረጩት ትንፋሽ ነው። ወደላይ ሲወጣ ለሁለት ተከፍሎ የቪ ቅርጽ ይሠራል። ቀጥሎ ሰፊ ጥቁር ጀርባ ይመጣል። ጀርባው ላይ ክንፍ የለውም። ራሳቸው ላይ ነጣ ያሉ ሻካራ እብጠቶች አሉ። እነዚህን ሦስቱን ካየህ ሌላ ነገር አይደለም፣ እነሱ ናቸው። ከተማዋ ከ1992 ጀምሮ የዓሣ ነባሪ ለፋፊ አላት። ከባሕር ተክል ግንድ በተሠራ ቀንድ እየነፋ ዓሣ ነባሪዎቹ የት እንዳሉ ለሰው ያስታውቃል። ድምፁን ስትሰማ ተከተለው።

ጀልባ ከወሰድክም ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጥ። በአገሩ ሕግ ማንም ወደ ዓሣ ነባሪ ከ300 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ አይችልም። የጉብኝት ፈቃድ ያላቸው ጀልባዎች ብቻ እስከ 50 ሜትር ይጠጋሉ። ድሮን ያለ ፈቃድ በላያቸው ማብረርም ክልክል ነው፤ ቪዲዮ ለመቅረጽ ብላችሁ እናት ከልጇ ጋር ያረፈችበትን ቦታ እንዳትረብሹ አደራ።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ «እንደ ዮናስ ይውጡናል» ብላ መሄድ ፈራች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እነዚህ ዓሣ ነባሪዎች ጥርስ የላቸውም ይበሏት። ከላይኛው መንጋጋቸው ጸጉር መሳይ ጠርዝ ያለው ማጣሪያ ተንጠልጥሏል። አፋቸውን ከፍተው ይዋኙና በዓይን የማይሞሉ የባሕር ነፍሳትን ከውሃው እያጣሩ ይበላሉ። አንዷ 15 ሜትር ርዝመትና ከ40 ቶን በላይ ክብደት ሊኖራት ይችላል። ግልገሏም ሲወለድ 5 ወይም 6 ሜትር ነው። ደግሞ እናቲቱ እዚህ በምትቆይበት ጊዜ የረባ ምግብ አትቀምስም። በስቧ ላይ ባጠራቀመችው ኃይል ራሷን ትይዛለች፣ ልጇን ታጠባለች። ልጅዎ ይህን ስትሰማ ፍርሃቱ ወደ ማዘን እንደሚለወጥ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ በመንገድ ላይ ፔንግዊን የሚታይበት ቦታ አለ ይላሉ። ጉዞው የዓሣ ነባሪ ከሆነ እዚያ መቆም ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ቤቲስ ቤይ ያለው ስቶኒ ፖይንት ነው። የዚህ ጉዞ ልብ ለእኔ እሱ ነው፤ ሰው ፔንግዊን ብቻ አይቶ ሲያልፈው ያሳዝነኛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚያ የዓሣ ነባሪ ማረጃ ጣቢያ ነበር። በእንፋሎት መርከብ እየተከታተሉ፣ ከመድፍ በሚተኮስ ጦር ገድለው፣ ሬሳውን እየጎተቱ ያመጡታል። ስቡን ቀቅለው ዘይት ያወጣሉ። ሬሳው ይጎተትበት የነበረው የኮንክሪት መንሸራተቻ አሁንም አለ። ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት። ዛሬ በዚያው ዐለት ላይ የአፍሪካ ፔንግዊኖች ጎጆ ሠርተው ይፈለፍላሉ።

የፔንግዊኖቹም ነገር ቀላል አይደለም። በ2024 የአፍሪካ ፔንግዊን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በዱር የቀሩት የሚዋለዱ ጥንዶች ከ10,000 በታች ናቸው። በእንጨት ከተሠራው መተላለፊያ አትውረዱ፣ ምግብም አትስጧቸው።

ጥያቄ፦ እውነት ዓሣ ነባሪዎቹ እየበዙ ነው? ወይስ ለቱሪስት የሚነገር ወሬ ነው?

መልስ፦ በዝተዋል፤ ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አያልቅም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ አዳኝ መርከቦች እነዚሁ የባሕር ሰርጦች ውስጥ እየገቡ ሊያጠፏቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር። ደቡባዊ ራይት ቀርፋፋ ናት። ወደ ዳር ትጠጋለች። ስትሞት አትሰምጥም፣ ትንሳፈፋለች። ልጇን ትታ ስለማትሸሽም ለአዳኝ ቀላል ነበረች። ያ ሁሉ የአውሮፓና የአሜሪካ መብራት የበራው በዚህ ዘይት ጭምር ነው።

ከ1935 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት መታደናቸው ተከለከለ። ክልከላውን ሁሉም አላከበረም። የሶቪየት መርከቦች ከዚያ በኋላ በድብቅ ከ3,000 በላይ ገድለዋል። ደቡብ አፍሪካ ራሷ ማንኛውንም ዓሣ ነባሪ ማደን ያቆመችው በ1975 ነው። እነዚህ ግን በዚህ ዳርቻ ጥበቃ ካገኙ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በየዓመቱ ከ6 እስከ 7 በመቶ እያደጉ መጡ። ይህን የምናውቀው ከ1969 ጀምሮ በየዓመቱ ከአየር ላይ ስለሚቆጠሩ ነው። አሁን ቆጠራውን የሚሠራው የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራሳቸው ላይ ያለው የእብጠት ንድፍ እንደ ሰው የጣት አሻራ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ «ይህቺ እናት ከሦስት ዓመት በፊትም ወልዳ ነበር» ማለት ይችላሉ።

ያሳሰባቸውም ይኸው ነው። ድሮ በየሦስት ዓመቱ ትወልድ የነበረችው እናት ከ2010 ወዲህ አራትና አምስት ዓመት ትቆያለች። ከ1980ዎቹ ጋር ሲነጻጸሩም እናቶቹ ከስተዋል። ምክንያቱ በሩቁ ደቡብ ባሕር ያለው ምግባቸው መለዋወጡ እንደሆነ ይታመናል። እዚህ ዳር ላይ ማንም ባይነካቸውም የሚበሉበት ቦታ እየተለወጠ ነው።

ጥያቄ፦ ኸርማነስ ደርሰን ጋንስባይ ድረስ መቀጠል ያዋጣል? እዚያ ያለው አንድ የመብራት ማማ ብቻ ነው ብለውኛል።

መልስ፦ ከኸርማነስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታሪኩን ይዘው ከሄዱ ያዋጣል።

ቢርክንሄድ የእንግሊዝ ጦር ማጓጓዣ መርከብ ነበረች። አካሏ ብረት ነው፤ የምትንቀሳቀሰው በእንፋሎት፣ በሁለት ጎኗ በሚሽከረከር መንኮራኩር ነው። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1852፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ዛሬ ማማው ካለበት ከዴንጀር ፖይንት ፊት ለፊት ካርታ ላይ ያልነበረ ዐለት መታት። የተሳፈሩት 640 ሰዎች ገደማ ነበሩ። ወደ ውሃ ለማውረድ የተቻለው ሦስት ጀልባ ብቻ ነው። ሴቶችና ሕፃናት ተሳፈሩ። የወታደሮቹ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል አሌክሳንደር ሴተን ሰዎቹ በያሉበት እንዲቆሙ አዘዘ። ዘለው ወደ ጀልባዋ ቢዋኙ ትገለበጣለችና። መርከቧ ከእግራቸው ሥር ስትሰበር ቆሙ። ብዙዎቹ ገና ምልምል ወጣቶች ነበሩ። ሴቶቹና ሕፃናቱ በሙሉ ተረፉ። በጠቅላላው በሕይወት የወጡት 193 ናቸው። ሴተንም ሞተ። «በመጀመሪያ ሴቶችና ሕፃናት» የሚለው የባሕር ልማድ ስሙ የገነነው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። ማማው ደግሞ የተሠራው በ1895 ነው። ከ43 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አንዳንድ አስጎብኚዎች የሚዘሉትን ልጨምር። እነዚያ ወታደሮች የሚሄዱት ከቆሳ ሕዝብ ጋር ሊዋጉ ነበር። የቆሳ ሰዎች መሬታቸውን እየተነጠቁ ነበር። የመርከቧን ጀግንነት አከብራለሁ፤ የሚሄዱበትን ጉዳይ መደበቅ ግን ትክክል አይመስለኝም። ሁለቱም አብረው ይነገሩ።

ማማው ሁልጊዜ ለጎብኚ ክፍት ስላልሆነ አስቀድመው ይደውሉ።

ጥያቄ፦ የደቡብ አፍሪካ ባሕር ለኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ታሪክ አለው? ባሕር ይታያል፣ ይመለሳል እንጂ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጣም ቅርብ ታሪክ አለው። በ1487 የፖርቱጋል ንጉሥ ዳግማዊ ዡዋው በሁለት አቅጣጫ ሰው ላከ። ባርቶሎሜዎ ዲያሽን በባሕር፣ ፔሩ ዳ ኮቪሊያን በየብስ። የሚፈልጉት የሕንድን መንገድና «ቄሱ ዮሐንስ» የሚሉትን ክርስቲያን ንጉሥ ነበር። አውሮፓውያን በዚያ ዘመን ይህ ንጉሥ የኢትዮጵያው ነው ወደሚል እምነት ደርሰው ነበር። ዲያሽ በ1488 የአፍሪካን ደቡብ ጫፍ ዞረ፤ እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም። ኮቪሊያ ደረሰ። በዐፄ እስክንድር ዘመን ገባ፤ በክብር ተቀበሉት፤ እንዳይመለስ ግን ተከለከለ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ሚስትና ልጆች ይዞ፣ ርስት ተሰጥቶት አገኙት።

ዲያሽ በከፈተው መንገድ በ1497 ቫስኮ ዳ ጋማ አለፈ። ልጁ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በ1541 ምጽዋ ወርዶ ከ400 ወታደሮች ጋር ወደ አገራችን ገባ። በማግስቱ ዓመት በኢማም አሕመድ ጦር ተማርኮ ተገደለ። ትምህርት ቤት የተማርነው ያ ታሪክ ከኸርማነስ ገደል ፊት ለፊት ባለው ባሕር ያለፈ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ትችለዋለች?

መልስ፦ ትችላለች። ጊሪንግስ ፖይንት ድረስ መኪና ይገባል፤ መቀመጫም አለ። ጋቢ ይዘሽላት ሂጂ፤ በመስከረምም ቢሆን የባሕሩ ነፋስ ይበርዳል። የጋንስባዩን መንገድ ተዉት። የጾም ቀን ከሆነ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ግማሽ ቀን ብቻ ነው ያለኝ።

መልስ፦ እንግዲያው ሳይመንስ ታውን ይሂዱ። ለኬፕ ታውን በጣም ይቀርባል። እስከ 1957 ድረስ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጣቢያ ነበረች፤ አሁን የደቡብ አፍሪካ ባሕር ኃይል ይዟታል። የባሕር ኃይል ሙዚየም አላት። በመንገድ ላይ ከሙይዘንበርግ በላይ ባለው ቦይስ ድራይቭ ቆመው ፎልስ ቤይን ከከፍታ ይቃኙ። በወቅቱ ከሆነ ዓሣ ነባሪ እዚያም ይታያል።

ጥያቄ፦ አንድ አስጎብኚ በአንድ ቀን ስምንት ቦታ አሳያችኋለሁ አለን። እንስማማ?

መልስ፦ አትስማሙ። ዓሣ ነባሪ ጠልቃ ከአሥር ደቂቃ በላይ ልትቆይ ትችላለች። ሹፌሩ ሃያ ደቂቃ ሰጥቶ «ግቡ፣ ግቡ» ካለ ያያችሁት ውሃ ብቻ ይሆናል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኸርማነስ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ በጽሑፍ ይንገራችሁ። ከሦስት ሰዓት በታች ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

እኔ የምለው መርሐ ግብር ይህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ። በጎርደንስ ቤይ በኩል የባሕሩን ዳር መንገድ ይዛችሁ ስቶኒ ፖይንት ቁሙ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ኸርማነስ ትደርሳላችሁ። እስከ 7 ሰዓት ተኩል እዚያው ቆዩ፤ ምሳም እዚያው ብሉ። ጉልበት ካላችሁ ዴንጀር ፖይንት ሂዱ፤ ከሌላችሁ ገደሉ ላይ ተቀመጡ። ስትመለሱ አጭሩን፣ በሰር ሎውሪስ ፓስ የሚያልፈውን ዋናውን መንገድ ያዙ። ተራራውን ግን ሳይመሽ ውረዱት።