ብድሩን ተወው፣ ሙያውን ግን ያዘው

«ሰላም ጋሼ፣ በኦቶሞቲቭ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲ አልፌያለሁ። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ስሠራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ወር ለአንድ ከአውሮፓ ለመጣ ያሪስ ሌላ ሞተር ከነኮምፒውተሩ ገዝተን ገጠምን። ሞተሩ ይነሳና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላው ይጠፋል። ሦስት ቀን ለፋን። በመጨረሻ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ መጣ፣ በአንድ ሰዓት አስነሳው፣ የግማሽ ወር ደሞዜን የሚያህል ተቀብሎ ሄደ። ተበድሬ የፕሮግራሚንግ ማሽን ልግዛና ወደ መኪና ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ልግባ? ወይስ ጊዜው የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነ ሌላ ሙያ ልፈልግ?»

ወንድሜ፣ ግባበት። ብድሩን ግን ለአሁኑ ተወው።

ከያሪሷ ልነሳ። ቁልፉ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች። የሞተሩ ኮምፒውተር የሚታዘዘው ለሚያውቀው ቁልፍ ብቻ ነው። እናንተ የሌላ መኪና ኮምፒውተር ስትገጥሙ ቁልፉን «አላውቅህም» አለውና ነዳጁን ዘጋ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ልጁ የሠራው ሁለቱን ማስተዋወቅ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። አሮጌው ሞተርና አዲሱ አንድ ዓይነት ነበሩ? ለምሳሌ ሁለቱም 2ኤንዜድ የሚባለው የሞተር ዓይነት ከሆኑ፣ ሶኬቶቹና ሴንሰሮቹም ከተመሳሰሉ፣ የመኪናዋን የራሷን ኮምፒውተር መልሳችሁ ብትሰኩት ኖሮ ያለምንም ፕሮግራሚንግ ትነሳ ነበር። ቁልፉንም ያውቀዋል፣ ሞተሩንም ያውቀዋል። ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። ደንበኛህም ያን ሁሉ ብር ባላወጣ። ብዙ ወጣቶች ላፕቶፑን አይተው ይጓጓሉ። እኔ ግን «ይሄኛው ፕሮግራም አያስፈልገውም» ብሎ በድፍረት የሚናገረውን ልጅ ነው ባለሙያ የምለው።

የግድ የሚያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ አለ። ማንዋል ካምቢዮ የነበረው መኪና አውቶማቲክ ሲገባለት፣ ሞተሩ ከነጭራሹ ሌላ ዓይነት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ ሌላ ሲተካ። ከሁሉም በላይ ግን ዲፎርዲ የምንላቸው የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች። ከዚህ በፊት የመከርኳት አንዲት ልጅ አሁን በዚሁ ሥራ ላይ ናት። አንድ ቀን የሥራ ቦታዋ ሄጄ ቆሜ አየኋት። ሞተር የተቀየረለት ሃይሉክስ ነው። የአንዱን ኢንጀክተር (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ) አናት በጨርቅ ጠረገች፣ በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ አጉልታ አነበበች። 30 ፊደልና ቁጥር ተጽፎበታል። ኢንጀክተሮቹ አራት ናቸው፣ ስለዚህ 120። ፋብሪካው ውስጥ ሁለት ኢንጀክተር ፍጹም እኩል ሆኖ አይወጣም። ያ ኮድ ለኮምፒውተሩ «እኔ ትንሽ አበዛለሁ፣ አንተ ቀንስልኝ» እንደማለት ነው። የአሮጌው ሞተር ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከቀረ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሊያጨስም ይችላል። ረዳቷ ጮክ ብሎ እያነበበላት እሷ ትጽፋለች። ሦስተኛው ላይ አስቆመችው። 8 ያለው ለካ ቢ ነበር።

ያን ቀን ሌላም ነገር አየሁ። አንዲት ፊደል ከመጻፏ በፊት ባትሪው ላይ ቻርጀር ሰካች፣ ኤሲውንና መብራቱን አስጠፋች። መረጃ እየተጻፈ ቮልቴጅ ከወረደ ኮምፒውተሩ እስከወዲያኛው ሊሞት ይችላል። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የነበረውን መረጃም መጀመሪያ ገልብጣ አስቀመጠች። የሰው ንብረት ነውና እንዲህ መጨነቅ አለብህ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የሽቦ ዲያግራም ማንበብና በመልቲሜትር ኤሌክትሪክ መለካት። ለዚህ እንግሊዝኛህን ማጠንከር ይኖርብሃል፣ የጥገና መጽሐፎቹ በሱ ናቸው። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የሴንሰር ቁጥሮችን ማየትና መረዳት፤ ይህን በርካሽ ዲያግኖስቲክ ማሽን ትለማመደዋለህ። ኮምፒውተሩ ላይ መረጃ መጻፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ አትስጋ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል፣ እዚህ ያሉት ከመንገድ አልወጡም። ባለቤቶቻቸው ረጅም ዕድሜ ነው የሚፈልጉላቸው፣ ስለዚህ ሞተር መቀየሩ ይቀጥላል። የኤሌክትሪክ መኪናም ብትል በኮምፒውተር የተሞላ ነው። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚያወሩበት መንገድ አሁን ከምትማረው ብዙም አይርቅም። ብርቱካናማ ገመዶቹን ግን ለብቻው ሳትሠለጥን እንዳትነካ። ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ነው ያለባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድም ልለምንህ። ቁልፍ መጻፍ የቻልክ ዕለት «ቁልፌ ጠፋብኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ሊብሬ ሳታይ አትጻፍለት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አመሳክር። ሞተር የተቀየረ ከሆነም ባለቤቱ ለውጡን ሊብሬው ላይ እንዲያስመዘግብ ንገረው።

ያን ባለላፕቶፕ ልጅ ዛሬ ደውልለት። «ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣሁ በነጻ ላግዝህ» በለው። አብዛኛው እምቢ አይልም፣ ሞተር አውርዶ መስቀል የሚችል እጅ ያስፈልገዋል። አንድ ወር ከቆየህ በኋላ የያሪሷን የቁልፍና የኮምፒውተር ሽቦ በወረቀት ሥለህ ላክልኝ። ስለ ማሽኑ ያኔ እናወራለን።